ደሴ ላይ ሶላር አስገጥሜ አንድ ዓመት ሞላኝ፦ የተቃጠለብኝም፣ የሠራልኝም

ቁርጡን አስቀድሜ ልናገር። ሥራችሁ መብራት ላይ የቆመ ከሆነ ሶላር ግዙ፣ አይቆጫችሁም። ግን ከፓኔሉ ይልቅ ለባትሪው ብር አውጡ። ከባትሪውም በፊት የሚገጥምላችሁን ሰው አጣሩ። ይህን ያወቅሁት አንድ ጊዜ ከስሬ ነው። ሌላ ሰው እንዳይከስር ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

እኔ ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ ካውያ እና ሁለት የሚያግዙኝ ልጆች ያሉባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። የወሎ ልብስ ሰፊ ዓመቱ እንዴት እንደሚዞር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም፣ ታኅሣሥ ላይ የገናና የጥምቀት ቀሚስ፣ ጥር ሙሉውን ሠርግ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለቱ ዒዶች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ደንበኛዬ ስለሆነ ሥራ አይጠፋም፣ ፈጣሪ ይመስገን። የሚጠፋው መብራት ነው። ለበዓል ዋዜማ የቀጠርኩት ልብስ በበዓሉ ማግስት ቢደርስ ምን ይሠራል? ልጁን አዲስ ልብስ ሳያለብስ ዒድ የዋለ አባት ፊት ቆሞ «መብራት ሄዶብኝ ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሶላር በፊት ትንሽ ጄኔሬተር ነበረኝ። ስለሱ ብዙ አልናገርም። ጩኸቱ ጎረቤት ያስመርራል፣ ጭሱ ደግሞ ጨርቅ ውስጥ ይገባል። አንዲት ሙሽራ ቬሎዋን ስትለካ አሽትታ «ይሄ ምን ይሸተኛል?» ያለችኝን ቀን አልረሳውም። ለቤንዚኑ ሰልፍ አለ፣ ሰልፉ ካለቀ ዋጋ አለ። በጥር 2017 በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ እኔ ከጄኔሬተር ወጥቼ ስለነበር ዕዳው አልነካኝም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ግዢ ልምጣ። በ2016 ነው የገዛሁት። የሱቁን ስም አልጠራም፣ አካባቢውንም አልናገርም። 62 ሺህ ብር ከፍዬ አንድ ፓኔል፣ አንድ ኢንቨርተርና አንድ ትልቅ ባትሪ ወሰድኩ። ባትሪው 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ይላል። ሲባዛ የሚይዘው ኃይል 2,400 ዋት ሰዓት ነው፣ ወረቀት ላይ ያምራል። ያልነገሩኝ ነገር ባትሪው እርሳስና አሲድ መሆኑን፣ እሱም ለመኪና የተሠራው ዓይነት መሆኑን ነው። የመኪና ባትሪ ሥራው ሞተር ማስነሳት ነው። ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ ኃይል ይሰጣል፣ ከዚያ መኪናው እየሄደ መልሶ ይሞላዋል። እሱን በየማታው እስከ ታች ድረስ ማራቆት መግደል ነው። ለሶላር ተብሎ የተሠራው የእርሳስ ባትሪ እንኳ ዕድሜ እንዲኖረው ከተፈለገ ከግማሹ በላይ ባይወርድ ይመረጣል። የእኔው ስምንት ወር ሳይሞላው ነፍሱ ወጣ። መጨረሻ ላይ አንድ አምፖል ለሁለት ሰዓት ማብራት አቃተው።

ኢንቨርተሩም የባሰ ነበር። ከባትሪ የሚወጣውን ኃይል የቤት መብራት አስመስሎ መቀየር ነው ሥራው። ርካሾቹ ግን የኤሌክትሪኩን ማዕበል ለስላሳ አድርገው አያወጡትም፣ ደረጃ ደረጃ አድርገው ይቆራርጡታል። አምፖልና የስልክ ቻርጀር ይችሉታል፣ የስፌት መኪና ሞተር ግን ያጉረመርማል፣ ይግላል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ዕቃ ስትገዙ «ንፁህ ሳይን ዌቭ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማዕበሉ ለስላሳ ነው ወይ ማለት ነው። ሻጩ ጥያቄው ካልገባው ከዚያ ሱቅ ውጡ።

ትልቁ ጥፋት ግን የገጠማው ነው። የኢንቨርተሩን መውጫ መብራት ኃይል ከሚመጣበት መስመር ጋር ያለ መቀየሪያ አንድ ላይ አገናኝተውት ነበር። አንድ ማታ የሄደው መብራት ድንገት ሲመለስ ሁለቱ ተጋጩ። ጧ አለና ሱቁ በቃጠሎ ሽታ ታፈነ። ኢንቨርተሩ ተቃጠለ፣ ጨርቅ ላይ እሳት ባለመነሳቱ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ገጠማ ለሌላውም አደጋ ነው። መብራት ጠፍቶ ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሲጠግን ከእኔ ሱቅ የሚወጣው ኃይል ወደ መስመሩ ተመልሶ ሊገድለው ይችላል። ያ ሰው የልጆች አባት ነው። ስመለስ ሻጩ «ዋስትናው ፓኔሉን ብቻ ነው» አለኝ። በቃ፣ እዚያው አለቀ።

ሁለተኛውን የገዛሁት በጥቅምት 2017 ነው። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስለሆነ ዋጋው ንሮ ነበር። የሚያሳዝነው ነገር፣ በዓለም ገበያ ፓኔል ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው በ90 በመቶ ገደማ ረክሷል፣ የሊቲየም ባትሪም እንደዚያው ወርዷል። አብዛኛውን የሚያመርተው ቻይና ነው፣ ከዓለም ፓኔል ከ80 በመቶ በላዩን። ግን እኛ ጋ ቅናሹ ሲደርስ ብሩ ቀድሞ ወርዶ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁለተኛው ሱቅ ትንሽ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። የወደድኩት እዚያ የሚሠራውን ልጅ ነው። ገና ስገባ ዋጋ አልነገረኝም። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ምን እንደሚያሠሩ ይንገሩኝ» አለ። በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ ሽቦውን ቆንጥጦ አምፔር በሚለካ መሣሪያ እያንዳንዱን ዕቃ ለካ። የሚያግዙኝ ልጆች ቡና አፍልተው ነበርና ጀባ አልነው፣ አቦሉን እየጠጣ ደብተር ላይ ደመረ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገረኝ። «ሶላር ከመግዛትዎ በፊት የመኪናዎቹን ሞተር ይቀይሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው የስፌት መኪና ሞተር አንዴ ከተነሳ ሳትሰፋም ይዞራል። ክር ስታስገባ፣ ጨርቅ ስታገጣጥም፣ ከደንበኛ ጋር ስታወራ ኃይል ይበላል። ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ግን ፔዳሉን ስትረግጥ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቱንም ቀየርኩ። የመኪናዎቹ ፍጆታ ከግማሽ በላይ ወረደ፣ ሱቁም ጸጥ አለ፣ አሁን ስንሰፋ ሬዲዮ እንሰማለን። ልጁ ሁለት ፓኔል ጨምሮ ሊሸጥልኝ ሲችል ሞተር ቀይር ማለቱን ልብ በሉ። በዚህች አንዲት ምክር ብቻ ስለ ሱቁ መልካም ልናገርለት ይገባል።

የገጠመልኝ ሁለት ባለ 550 ዋት ፓኔል፣ ባለ 3,000 ዋት ኢንቨርተር (ፀሐይንም፣ ባትሪንም፣ የመስመር መብራትንም አንድ ላይ የሚያስተዳድር፣ ሃይብሪድ የሚባለው ዓይነት) እና አንድ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ነው። ባትሪው 25.6 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። 2,560 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ ከ80 በመቶ በላዩን ሳልሳቀቅ እጠቀማለሁ። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ከ3,000 ጊዜ በላይ ተሞልቶ ሊራቆት ይችላል። በየቀኑ ብትጠቀሙት ስምንት ዓመት ማለት ነው። ገጠማውን ጨምሮ ወደ 150 ሺህ ብር ወጣብኝ፣ ግማሹን ያህል የወሰደው ባትሪው ነው። ብዙ ነው፣ አልክድም። ከዕቁብ ወስጄ ነው የከፈልኩት።

ስለ ደሴ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ ቦታ ያለ ገጣሚ አያስበውምና። ጦሳ ከምዕራብ በኩል ቆሞብናል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሜዳ ላይ ካለ ከተማ ቀድማ ከተራራው ጀርባ ትገባለች። የመጀመሪያዎቹ ገጣሚዎች ፓኔሉን ጣሪያው እንደተዳፈተ ወደ ምዕራብ አስተኝተውት ነበር። ይኸኛው ልጅ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል አድርጎ በብረት አቆመው። ጠዋት ጉሙ እንደተገለጠ ወዲያው ይይዛል። የጎረቤት ባህር ዛፍ ጥላም እንዳይነካው ቦታውን ለወጠ። ጥላ የፓኔሉን አንድ ጠርዝ ብቻ ቢሸፍን የሚቀንሰው ግን ከዚያች ጠርዝ በላይ ነው። የደሴ ብርድ ደግሞ ለፓኔል ይስማማዋል። ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው 0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ። እና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ሙቀቱ ስለሚበዛ ከጣሪያው ከፍ አድርጋችሁ በስሩ ንፋስ እንዲያልፍ አድርጉ።

ፈተናው የመጣው በረመዳን ነው። በ2017 ረመዳን የካቲት መጨረሻ ላይ ገባ፣ ለልብስ ሰፊ ደግሞ የረመዳን ሥራ ሌሊት ነው። ከተራዊሕ በኋላ ደንበኛ ይመጣል፣ እስከ ሱሑር እንሰፋለን። ሁለቱ መኪናና መብራቶቹ አንድ ላይ 240 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ስምንት ሰዓት ብንሠራ 1,920 ዋት ሰዓት ነው፣ ባትሪው ይችለዋል። በዒዱ ሳምንት ሠፈሩ በሙሉ ሁለት ሌሊት ጨለማ ሲሆን የእኛ ሱቅ ብቻ በራ። ጎረቤቶቼ ስልካቸውን ይዘው መጡ። አንድ ሐጂ የልጅ ልጃቸውን ጀለቢያ ለመውሰድ ሲመጡ ቆመው ጣሪያውን አዩና ዱዓ አደረጉልኝ። አንድም ቀጠሮ አላፈረስኩም። ለእኔ የ150 ሺህ ብሩ መልስ ያ ነው።

ካውያ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእኔ ካውያ ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል። በማታ በባትሪ ከተኮሳችሁ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ልጁ ይህንንም ነግሮኝ ነበር። «ጋሼ፣ ልብስ መተኮስ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ» አለኝ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ኃይሉ ከጣሪያው በቀጥታ ይመጣል። አሁን የሱቃችን ሕግ ሆኗል። ማታ ለግድ ከሆነ የከሰል ካውያዬ አሁንም አለች። እንጀራ ምጣድንም አትጠይቁ። ባለቤቴ ጠይቃ ነበር። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ኢንቨርተሬ የሚችለው 3,000 ነው። አይሆንም።

ደካማውን ጎን ካልተናገርኩ ግማሽ እውነት ይሆንብኛል። ክረምት ላይ ከበደኝ። ሐምሌና ነሐሴ የደሴ ጉም እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ አንዳንድ ቀን ከፒያሳ ቆማችሁ ጦሳን አታዩትም። በበጋ ፀሐያማ ቀን ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚሰጠኝ ፓኔል ነሐሴ ላይ አንዳንድ ቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ነሐሴ ደግሞ የዩኒፎርም ወር ነው፣ ከዓመቱ ሁሉ ሥራ የሚበዛብኝ። ሱቁ ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ እወድ ነበር። እሱን አልነገረኝም። መመሪያው ወረቀትም በአማርኛ አይደለም፣ ኢንቨርተሩ ስህተት ሲያሳይ ቁጥር ብቻ ነው የሚያወጣው። በስልክ ስደውል ልጁ «አብሽር ጋሼ» ብሎ ይመጣል፣ እስካሁን ሦስት ጊዜ መጥቷል። ግን ሰው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ልጅ አያገኝም። አስመጪዎች ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢያስገቡበት ምን ይጎድልባቸዋል?

ክረምቱ ግን አንድ ነገር አስተማረኝ። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ውሃ በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይቀንሳል። ፀሐይ በተቃራኒው ናት። በግንቦት 2011 ግልገል ጊቤ 3 ላይ ውሃ አንሶ አገሪቱ በሙሉ መብራት በፈረቃ ያገኘችበትን ጊዜ ታስታውሱ ይሆናል፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠው ሳይቀር ቆሞ ነበር። ያ ግንቦት ሰማዩ ፀሐይ ነበር። በየጣሪያውና በየሜዳው ፓኔል ቢኖር ኖሮ ግድቡ ውሃውን ለማታ ያስቀምጥ ነበር። ንፋሱም ያግዛል፣ የአዳማ ሁለቱ ጣቢያዎች 204 ሜጋዋት፣ አሸጎዳ 120 ሜጋዋት አላቸው። እኔ የኃይል ባለሙያ አይደለሁም። ግን በጠባብ ሱቄ ውስጥ ያየሁት ነገር በአገር ደረጃም ያው ነው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል።

ደንበኞቼ «ግድቡ አልቆ ሶላር ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሥራ አቁመን ነው ያየነው። 5,150 ሜጋዋት! እኔም እንደ ብዙ ወሎዬ ከስፌት ባገኘኋት ብር ቦንድ ገዝቻለሁ፣ ያን ቀን ዕንባ መጣብኝ። ግን ከጉባ የተነሳ ኃይል እኔ ሱቅ እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። በ500 ሺህ ቮልት መስመር ይጓዛል፣ በየማከፋፈያ ጣቢያው ዝቅ እያለ 15 ሺህ ቮልት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ የሠፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ በእንጨት ምሰሶ ወደየቤቱ ይልከዋል። ከዚያ ማታ ሃያ ቤት በአንድ ሰዓት ምጣድ ቢጥድ 70 ኪሎዋት ነው፣ መብራቱና ምድጃው ሳይቆጠር። ትራንስፎርመሩ የተተከለው ሠፈሩ እንዲህ ሳይበዛ ነው። ግድቡ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ እዚች ጋ ያንቃል። ቀጣዩ ትልቅ ሥራ እዚህ፣ በየሠፈራችን መሆን አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ስፔንና ፖርቱጋል ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ መብራት ጠፍቶባቸው ነበር፣ ባቡር መንገድ ላይ ቆመ፣ ሰው ሊፍት ውስጥ ቀረ። ኃይል አንሷቸው አልነበረም፣ የመስመሩ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ወጥቶ ነው። የኤሌክትሪክ መረብ ማለት የሚገባውና የሚወጣው በየሴኮንዱ እኩል መሆን ያለበት ነገር ነው። ፓኪስታን ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥታለች። የመብራት ሂሳብ የመረረው ሕዝብ በአውሮፓውያኑ 2024 ብቻ 17 ሺህ ሜጋዋት የሚሆን ፓኔል አስገባ። ጥሩ ነው። ግን አቅም ያለው ከመረቡ ሲወጣ የመስመሩና የጣቢያው ወጪ ፓኔል መግዛት ባልቻለው ድሃ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እኔ ቆጣሪዬን አላስነቀልኩም። እኛም ጋ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ነው፣ በአራት ዓመት ተከፋፍሎ። ይከብዳል። ግን ከመረቡ የመውጣት ሐሳብ የለኝም፣ እናቴም የምታገኘው አንድ ቀን በዚያ መስመር ነው።

እናቴ ኩታበር ወረዳ ገጠር ናት፣ መስመር ገና አልደረሳትም። ለእሷ ትንሽ የሶላር ፋኖስ ገዛሁላት፣ ስልክም የሚሞላ። እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ስትገዙ ቬራሶል የሚባለው የጥራት ማረጋገጫ እንዳለው ተመልከቱ። ገበያው ውስጥ በሦስት ወር የሚሞት ብዙ አለ። ኩራዙን እንዳትጥለው ብላት አልጣለችውም፣ ግን ጋዝ መግዛት ካቆመች ዓመት ሊሆናት ነው። ዓይኗ ማልቀስ ቀነሰ። ከዕቃዎቼ ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፣ ደስ ያለኝ ግን በሱ ነው።

ሱቁን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ስለ ክረምቱ ስላልነገረኝና ስለ መመሪያው ነው። ቃል ከገባበት ቀንም አሥር ቀን ዘግይቶ ነው ባትሪውን ያመጣው። ልጁን ግን አምስት።

ለሚመጣው ነሐሴ ሁለተኛ ባትሪ ልጨምር አስቤያለሁ። ጉም ባለበት ወር ባትሪ ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ፣ ኢንቨርተሩ ከመስመርም ይሞላል። ሌሊት ምጣዱ ሁሉ ወርዶ ሠፈሩ ሲተኛ መብራቱ ደህና ነው፣ ያኔ ከግድቡ ውሃ ሞልቼ ቀን በዩኒፎርሙ እሠራበታለሁ። ሁለቱ ባትሪዎች አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ካልሆኑ አይስማሙ እንደሆነ ልጁን ጠይቄዋለሁ፣ ሰኞ መጥቶ ለክቶ ይነግረኛል።